አባቴ ድንጋይ ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ጊዜ

ወሬው የደረሰኝ በፖለቲካ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን ጀርባውን ሰጥቶን ስለ ማምረቻ መሣሪያዎች ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ እኛ ደግሞ ከእንቅልፍ ጋር እየታገልን እንገለብጣለን። የምቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ነው። ቀና ብል የአክስቴ ፊት ከነነጠላዋ በመስኮቱ ብቅ ብሏል። አክስቴ አጭር ናት፤ መስኮቱ ጋ ለመድረስ ድንጋይ ደራርባ ነው የቆመችው። እጆቿን እንደ ታሰረ ሰው አጣምራ አሳየችኝና ወዲያው በተነቻቸው። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ለቀቁት» አለችኝ።

ብድግ ብዬ እልል አልሁ። አስቤበት አይደለም፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መምህሩም ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። በዚያ ትምህርት እልል ያለ ተማሪ ገጥሞት ስለማያውቅ ፊቱ ፈካ አለ። ስሜቱ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጭ ብለሽ ይሁን አለኝና ስለ ማምረቻ መሣሪያዎች ከበፊቱ በበለጠ ወኔ ቀጠለ። የአክስቴ ድንጋይ በዚያው ቅጽበት ከዳት መሰለኝ፣ ፊቷ ከመስኮቱ ጠፋ።

በነፃ የተለቀቀው አባቴ ነው። ሌባ ተብሎ ተከሶ ነበር። ሰረቀ የተባለው ነገር ደግሞ ንብ ነው።

የአማርኛ መምህሬ በቅርቡ «አንቺ ስትጽፊ የምታወሪ ትመስያለሽ» ብሎኛል። ስድብ ይሁን ምስጋና አልጠየቅሁትም፤ ለምስጋና ወስጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳይ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ነገሩን ሌላ ሰው አጣሞ ሳያወራው እኔው ከሥሩ ልጀምር።

አባቴ ከላሊበላ ወደ ሰሜን፣ ብልባላ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። እኔ ለትምህርት ላሊበላ አክስቴ ቤት ነኝ። አባቴ በአገራችን በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በንቡና በይቅርታው። ይቅርታ የማይጠይቀው ፍጥረት የለም። በሬውን ጅራፍ ሲያስነካው ይቅርታ ይላል። ጎንበስ ሳይል ገብቶ የበሩ ጉበን ግንባሩን ሲመታው፣ ጉበኑን ይቅርታ ይጠይቃል። እናቴ አንድ ቀን «ጉበኑ ይቅር ብሎሃል ወይስ ሽማግሌ እንላክ?» ብላዋለች።

ከዥረቱ ማዶ ደግሞ አንድ ጎረቤት አለን። እኛ «ማዶኛው» እንለዋለን፤ እሱም እኛን «ማዶኞቹ» ይለናል፤ ዥረቱ ለሁላችንም ማዶ አለውና። እሱም ንብ ያረባል። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ ሲገናኙ እየተሰዳደቡ የሚሳሳቁ ሰዎች ናቸው።

መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ ንብ ይበዛና ግማሹ መንጋ አዲስ ቤት ፍለጋ ይወጣል። በእኛ አገር ያን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። ንቡ የወጣበት ሰው የያዘውን ጥሎ፣ እያጨበጨበና አፈር እየበተነ ይከተላል። ከተከተለ፣ ንቡ ሰው ግቢ ገብቶ ቢሰፍርም የእሱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ካልተከተለ ግን ንቡ የሰፈረበት ሰው ንብረት ሆነ ማለት ነው። ማዶኛው አልተከተለም። ምሳ ላይ ነበር፤ ምሳውም ሽሮ ነበር፤ ሽሮው ትኩስ ነበር። ንቡ ከቀፎው ወጥቶ በደጁ ሲያልፍ በዓይኑ ሸኘው። ንቡም ዥረቱን ተሻገረና አባቴ አጥኖ፣ ሰም ቀብቶ ወይራው ላይ ሰቅሎት ወደነበረ ባዶ ቀፎ ገባ።

አባቴ እርሻ ላይ ነበር። ሲመለስ ቀፎው ሲያጉረመርም ሰማ። ባርኔጣውን አውልቆ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላቸው። ያደረገው ይህን ብቻ ነው።

ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፣ ገበያ ባይኖር። ጥቅምት ላይ ማዶኛው ገበያ ወጥቶ ጠላ ቤት ቁጭ እንዳለ ሰዎች ያሾፉበት ጀመር። ንቦችህ ከአንተ ይልቅ እሱን መረጡ፣ ቤትህ ምን ጎደለው፣ አንዲት ንብ ስትሄድ ስታለቅስ አይተናል እያሉ። ማዶኛው ተናደደና «ምን መርጠው፣ ሰረቀኝ እንጂ» አለ። በዚያ ጠላ ቤት አንድ አብዮት ጥበቃ ነበር። ሰረቀኝ ነው ያልኸው ብሎ ጠየቀው። ማዶኛው ቃሉን እንዳይመልስ ገበያው ሁሉ እያየው ነው፤ አዎ አለ። አብዮት ጥበቃው ለገበሬ ማኅበሩ ነገረ፣ ገበሬ ማኅበሩ ለፖሊስ ነገረ። ማዶኛው በማግሥቱ ጠላው ሲበርድለት አፈረ፤ ነገሩ ግን ከእሱ እጅ ወጥቷል። በዚህ ጊዜም አልተከተለውም።

ሁለት ፖሊሶች ወደ እኛ ቤት መጡ። አባቴ እግራችሁ ደከመ ብሎ አስቀመጣቸው፤ እናቴ ምሳ አቀረበች። ከበሉ በኋላ የመጡበትን ነገሩት። አባቴ እንግዳ ደጁ ድረስ ለክስ በመልፋቱ አዝኖ፣ እንደ ልማዱ፣ «አጥፍቼ እንደሆነ ይቅር በሉኝ» አላቸው። ጻፉት። ፈርም አሉት። አባቴ ስሙን መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፈርም የሚለው ሰው ካገኘ ደስታው ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን ጥርሱ መካከል አድርጎ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳምሮ ፈረመ። አንዱ ፖሊስ እጅህ ቆንጆ ነው አለው። አባቴ ያንን ምስጋና ለሳምንት አወራው።

ቀጥሎ ቀፎውን ለማስረጃ እንወስዳለን አሉ። አባቴ በቀን አይወሰድም፣ ይቆጧችኋል ብሎ ለመናቸው። ማስረጃ አይቆጣም አሉ። ማስረጃው ግን ተቆጣ። ሁለቱም ከኮረብታው ቁልቁል ሲሮጡ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቃል። በመጨረሻ ቀፎው ዛፉ ላይ እንደተሰቀለ እንዲቆይ፣ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ማንም ማሩን እንዳይቆርጥ ታዘዘ። ጠባቂም ተመደበለት፤ ጠባቂው ቀፎውን የሚጠብቀው ከአጥሩ ውጭ፣ ራቅ ብሎ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። የደብራችን ቄስና ሌሎች ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀመጡና አባቴንና ማዶኛውን አቀረቡ። በእኛ ዘንድ ሰላም የሚፈልግ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ «በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ» ይላል። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ አይመዘንም፤ ቀድሞ የተሸከመ ቀድሞ ተመሰገነ። አባቴ ደግሞ በዚህ ማን ይቀድመዋል! ማዶኛው ድንጋይ ሲፈልግ እሱ ተሸክሞ ጨርሷል። ማዶኛው ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለት፣ «ይቅር ለእግዜር» አለ፣ ተሳሳሙ፣ አብረው በሉ። እኔም በዚያ ሰሞን ለበዓል አገር ቤት ስለነበርሁ ከድግሱ ደርሻለሁ። ሁላችንም አለቀ ብለን ተኛን።

ብዙም ሳይቆይ መጥሪያ መጣ። አባቴ ቀርቦ በስርቆት ወንጀል ለቀረበበት ክስ መልስ እንዲሰጥ ይላል። አባቴ መጥሪያውን ላመጣው ሰው ታርቀናል እኮ፣ ተሳስታችሁ ነው አለው። ሰውዬው ከሳሹ ማዶኛው አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ነው አለ።

«ዐቃቤ ሕግ የሚሉት ማነው?» አለች እናቴ። «ንብ አለው?»

ንብ የለውም። ሰውዬው ሊያስረዳ ሞከረ፤ መንግሥት ማለት ነው፣ ሕዝብ ማለት ነው አለ። የእናቴን ፊት አይቶ ተወው። የከፋው ግን ከመጥሪያው ጋር የመጣው ወሬ ነበር፤ ለዐቃቤ ሕግ የሚመሰክሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። «በድያለሁ» ሲል ሰምተዋላ። ቄሱም አሉበት። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፤ የሰሙትን አልሰማንም አይሉም። ከተፈረደበት ወልድያ ወህኒ ነው አሉን። መኸሩን ማን ያነሣል? እናቴ በዚያ ምሽት ስለ ንብ ያወራ ሰው ሁሉ ላይ ትቆጣ ነበር።

መንደሩ መከረና መላ ተገኘ። አዲስ የተቀየመ ሰው ከመጣ እሱንም መለመን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ዐቃቤ ሕጉን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀው ተባለ። የድንጋዩ መጠን እንኳ አከራከረ። አንዱ ሽማግሌ ለመንግሥት ትንሽ ድንጋይ አይሆንም፣ ንቀት ይመስላል አሉ። እንግዲህ አባቴ ከዥረቱ ዳር ጥሩ ጥቁር ድንጋይ መርጦ፣ አጥቦ፣ አህያ ላይ ጭኖ ከእናቴ ጋር ላሊበላ ገባ።

አክስቴ በሩን ከፍታ አህያዋን አየች፣ ጭነቱን አየች፣ አባቴን አየች። «ላሊበላ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አለችው።

አባቴ ከቤቱ የመጣ ይሻላል አለ። ይቅርታውን ጠይቆ ድንጋዩን ግቢው ጥግ አራገፈው።

አክስቴ ጠላ ትጠምቃለች፤ ለችሎት ከወልድያ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ጠበቃም እሷ ዘንድ ያርፋሉ። ወፍራም ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግቢው መደብ ላይ ጋደም ብለው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የተኙ ይመስላሉ፣ አይተኙም። በማግሥቱ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ከባርኔጣው ሥር፣ «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ትናንት አልነበረም» አሉኝ።

የአባቴ እንደሆነ፣ ለዐቃቤ ሕጉ ሊሸከመው እንዳመጣው ነገርኋቸው። ባርኔጣው ትንሽ ከፍ አለ። ክሱ ምንድነው አሉኝ። ንብ ሰረቀ ተብሎ ነው አልሁ። ባርኔጣው ጨርሶ ተነሣ። ለፖሊስ ምን አለ ሲሉኝ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ ምሳውንም፣ ፊርማውንም። ፊርማው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባትሽን ጥሪልኝ» አሉ። «እስኪደርስ ማንንም ይቅርታ እንዳይጠይቅ።»

አባቴና እናቴ መጥተው መደቡ አጠገብ ቆሙ። ጠበቃው መጀመሪያ የጠየቁት፣ ፖሊስ የመጣ ዕለት ለምን ጠበቃ እንዳልፈለጉ ነው። እናቴ መለሰች።

«ጠበቃ የሚፈልገው ያጠፋ ሰው አይደል እንዴ?»

«እንደዚህ የሚያስበው ንጹሑ ነው እመቤቴ። ሌባማ ሳይሰርቅ በፊት መጥቶ ያማክረኛል።»

እናቴ ልትስቅ ብላ ተወችው። ጠበቃው አባቴን አስቀመጡትና ነገሩን እየቆራረሱ አስረዱት፤ እኔም የታጠበውን ልብስ ሁለተኛ እያጠብሁ ሰማሁ። የንብ ይገባኛል ክርክር ቢሆን ኖሮ፣ አሉ፣ የሰውና የሰው ጉዳይ ነው፤ ማዶኛው ይከሳል፣ ማዶኛው ይታረቃል፣ ያልቃል። ስርቆት ግን ወንጀል ነው። በወንጀል የሚከሰው መንግሥት ነው፤ ተበዳዩ ይቅር ቢል እንኳ ክሱ ብቻውን እየተራመደ ይመጣል።

አባቴ ለዚሁ ነው እኮ ድንጋዩ አለ።

«ወንድሜ፣ ሽማግሌ ፊት ‹በድያለሁ› ስትል ሽማግሌው የሚሰማው ‹እንታረቅ› የምትል መሆንህን ነው። ችሎት ፊት ስትለው ጸሐፊው የሚጽፈው ‹ሰርቄያለሁ› ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ እኔን መጥራት ሐኪም ለተዝካር መጥራት ነው።»

«እንግዲያ ምን ልበል?»

«የሆነውን።»

አባቴ «የሆነውንማ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝ» አለ።

እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ ይቅርታውን ተቀብሎት ነበር እንጂ ምን ሆነ ያለው አልነበረም። እኔ ራሴ አልጠየቅሁትም። ጠበቃው ጠየቁት። ቀፎውን ማን ሰቀለው? እኔ። ንቡን ማን አመጣው? ራሱ መጣ። አንተ የት ነበርህ? እርሻ። ማን አየህ? አባቴ አሰበና በሬዎቹ አለ፤ እናቴ ምሳውን ይዤለት የሄድሁት እኔ ምን ልሁን ብላ ተቆጣች። ጠበቃው ሳቁ፤ ሆዳቸው ከእሳቸው በኋላም ሲስቅ ቆየ። ስርቆት እጅም ልብም ይፈልጋል፣ የሰው ነገር መሆኑን እያወቀ ለራሱ ሊያደርገው አንሥቶ መውሰድ አለበት፤ አንተ እጅህ ማረሻ ላይ ነበር፣ ልብህም በሬ ላይ አሉት። የጥብቅናውን ዋጋ በበግ ተስማሙ።

ቀጠሮው እስኪደርስ አባቴን ማለማመድ የእኔ ሥራ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ችሎት ይሆናል። ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የአክስቴን ጭልፋ እይዛለሁ። ወንጀሉን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም እላለሁ። አባቴ እጅ ይነሣና «ጌታዬ፣ አጥፍቼ እንደሆነ…» ሲል ጭልፋውን ምሰሶው ላይ አጮኸዋለሁ። እንደገና ይጀምራል። «ጌታዬ፣ ስላደከምኋችሁ ይቅር…» ጭልፋ። ዳኛን የሚያህል ሰው ፊት «አይ፣ አላደረግሁም» ብሎ መመለስ ለእሱ በሰው ማዕድ ላይ እንደ መትፋት ነው። እናቴ ዐቃቤ ሕግ ነበረች። ይህን ሥራ እንዴት እንደወደደችው! ከንቡ አልፋ ባለፈው ዓመት የጠፋባትን ማጭድ ሁሉ ጠየቀችው። ማጭዱን የት እንዳደረሰው ግን አባቴ አልተናገረም፤ ጠበቃዬ ሳይኖር አልመልስም አለ። ያን ጊዜ ጠበቃው ከባርኔጣቸው ሥር አሁን ገብቶታል አሉ።

የችሎቱ ቀን ትምህርት ቤት ፈቅዶልኝ አብሬ ሄድሁ። ድንጋዩን አክስቴ ግቢ ተወው ብለነው ነበር፤ በሩ ላይ ስንደርስ አባቴ ጋቢው ሥር አላግባብ ወፍሯል። ባዶ እጄን መቅረብ አላስቻለኝም አለ። ዘበኛው ፖሊስ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይህ ምንድነው?»

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ፊቱ ገባች። «ጠበቃችን ሳይኖር አይናገርም።»

ፖሊሱ ስለ ድንጋይ ይህን የመሰለ መልስ ጠብቆ አያውቅም። ትቶት ይግባ አለ። ድንጋዩ በሩ ሥር ቀረ።

ውስጥ ገብተን አባቴ ተጠራ። ዳኛው ክሱን አስነበቡና ወንጀሉን ፈጽሞ እንደሆነ ጠየቁት። አባቴ እጅ ነሥቶ «ጌታዬ» ሲል አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ጌታ የለም፣ ጓድ በል ብሎ ሹክ አለው። አባቴ ዳኛውን አየ፤ ሽበታም ናቸው፤ ጓድ ሊላቸው አልደፈረም። ጓ… ጌ… እያለ ቆመ። ዞር ብሎ ሲያየኝ ጭልፋ እንደያዘ ሰው እጄን ከፍ አደረግሁለት።

«አልሰረቅሁም» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበረች። ጸሐፊው ምን አለ ሲል፣ አባቴ ጮክ ብሎ፣ «አልሰረቅሁም። ይቅርታ» አለ።

ጠበቃው ከወንበራቸው እንዲህ በፍጥነት ይነሣሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ይቅርታው ስለ ድምፁ ማነስ እንጂ ስለ ንቡ አይደለም፣ እንደዚሁ ይመዝገብልኝ አሉ። ዳኛው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይመዝገብ አሉ።

ቄሱ ለምስክርነት ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ በድያለሁ ሲል ሰምተዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ ሰምቻለሁ አሉ። እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ጣቶቿ እስከ ማታ ክንዴ ላይ ነበሩ። ጠበቃው ተነሡ።

«አባ፣ እርስዎ ያስታረቁት ሰው ብዙ ነው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ምን ይላል?»

«በድያለሁ ይላል።»

«የበደለ ነው የሚል?»

«የበደለውም ያልበደለውም ይላል። ያልበደለውማ ጮክ አድርጎ ነው የሚል።»

«እርስዎ ተሸክመው ያውቃሉ?»

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። «በበቅሎ ነገር ተሸክሜያለሁ። በድያለሁም ብያለሁ።»

«በቅሎዋ የማን ነበረች?»

«የእኔ ናት እንጂ!»

ችሎቱ ሳቀ፤ ጸሐፊው ሳይቀር። ከዚያ ማዶኛው ቀረበ። አንገቱን ደፍቷል። ንቡን ሲወስድ አይተሃል ወይ አሉት ጠበቃው፤ አላየሁም። ንቡ ሲወጣ ተከተልኸው ወይ? አልተከተልሁም። ለምን? ምሳ ላይ ነበርሁ አለ፤ ሽሮው ትኩስ እንደነበርም ሳይጠየቅ ጨመረ። እንግዲያ ለምን ሰረቀኝ አልህ? ማዶኛው አባቴን ቀና ብሎ አየው። ተናድጄ ነው፣ ሰው ሲስቅብኝ ጊዜ ነው አለ። ዐቃቤ ሕጉ ከዚህ በኋላ ብዙ አልጠየቀም፤ ወረቀቱን ደጋግሞ ያገላብጥ ነበር። ጉዳዩ ለፍርድ ተቀጠረ።

የፍርዱ ቀን ትምህርት ቤት ሁለተኛ አልፈቀደልኝም። ለዚህ ነው አክስቴ መስኮት ላይ የተንጠለጠለችው። የእልልታዬ ትምህርት እንዳለቀ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጥሁ። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መካከል ላይ ማዶኛው ያንን የአባቴን ጥቁር ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ለመንግሥት ተብሎ የተመረጠ ድንጋይ ስለሆነ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

«በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለው አባቴን። ቀጥሎ ዘበኛውን ፖሊስ በዓይኑ እየጠቆመ፣ «ደግሞ ይህን እውነቴን ነው፤ ቢፈልግ ይጻፈው» አለ።

አባቴ ድንጋዩን አወረደለት። ይቅር ለእግዜር አለና፣ «ይቅርታ፣ ከብዶህ ይሆናል» ብሎ ጨመረበት። እናቴ ይህን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እያለቀሰች ማጭዱን አስታወሰችው።

ጠበቃው ባርኔጣቸውን ደፍተው ሲወጡ፣ አሁን እንደ ልብህ ይቅርታ ጠይቅ አሉት። እጃቸውን ስሞ መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቀ።

ድንጋዩ አሁን አገር ቤት ነው፤ በአህያዋ ተመልሶ ሄዷል። አባቴ ወይራው ሥር አስቀምጦታል፤ ቀፎው ጋ ለመድረስ መቆሚያ ይሆነዋል። እገዳው ስለተነሣ ማሩ ሊቆረጥ ነው። ጊዜው ትንሽ አልፏል፤ ንቦቹ ማስረጃውን ሲበሉት ከርመዋል ይላል አባቴ፣ ግን ይተርፈናል። ይህን እየጻፍሁ መሆኔን ነግሬው ነበርና ያነበበውን ሁሉ ጥሪልኝ ብሎኛል።

እንግዲህ ለገና ላሊበላ የምትመጡ፣ ከበዓሉ ማግሥት ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ብቅ በሉ። ቤቱ አይጠፋችሁም፤ ይቅርታ የሚያበዛው ሰው ቤት የት ነው ብትሉ ልጅ አዋቂው ይመራችኋል። ማዶኛው ይኖራል፣ ቄሱም ከነበቅሏቸው። ጠበቃውም መጥተው በጋቸውን ይወስዳሉ፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ማር አይቀምሱም፣ ስለዚህ እኛ ስንበላ የእሳቸው አፍ ለጥያቄያችሁ ነፃ ነው። የተከሰሰ ዘመድ ያለው ሰው ካለ እንዲያውም ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ዘመዱ አንድም ቃል ሳይናገር፣ አንድም ፊርማ ሳያሳምር።

ድንጋይ አታምጡ። አለን።